ስታይል ብቻ ነው ወይ? ስለ ካውቦይ ቢባፕ

አንድ ወዳጄን ካውቦይ ቢባፕ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን (አኒሜ) እይ እያልኩ ስጨቀጭቀው ቆየሁ። በመጨረሻ ጀመረው። አራት ክፍል አየና ተወው። ከዚያ በቴሌግራም ጻፈልኝ፤ “ስታይሉ ይመቻል፣ ሙዚቃውም አንደኛ ነው፣ ግን ታሪኩ የታለ? ዝም ብሎ ስታይል ነው” አለኝ።

አሰልቺ ነው ቢለኝ ምንም አልልም ነበር። ካርቱን አልወድም ቢለኝም ምርጫው ነው። ይሄኛው ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። ግማሹ ልክ ስለሆነ ይመስለኛል። እኔም መጀመሪያ የተያዝኩት በስታይሉ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ስፓይክ ሰማያዊ ሱፉን ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ጎበጥ ብሎ ሲራመድ ሳየው ታሪኩ ምን ይሁን ምን ግድ አልሰጠኝም። ታዲያ እሱ የተወው፣ እኔ ደግሞ ደጋግሜ የምመለስበት ያው አንድ ነገር ከሆነ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ ልጽፍለት ስጀምር በቴሌግራም የሚያልቅ አልሆነም። እዚህ አመጣሁት።

## መጀመሪያ የሚይዘን

መግቢያውን ያየ ያውቀዋል። ጥሩምባው ይጮኻል፣ ቤዙ ይከተላል፣ ከዚያ ጥላ ብቻ የሆኑ ሰዎች በደማቅ ቀለም መደብ ላይ ይሮጣሉ፣ ሲጋራ ይለኩሳሉ፣ ሽጉጥ ይመዛሉ። አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው። የብራስ ድምፅ የሞላበት የድሮ የአዲስ አበባ ሙዚቃ እየሰማ ላደገ ጆሮ ደግሞ ምኑም ባዕድ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ስሰማው አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፍታቸው የነበሩት የክቡር ዘበኛ ዘፈኖች ናቸው ትዝ ያሉኝ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ከምስሉ ኋላ የሚያልፈውን ጽሑፍ ነው። በደቃቅ ፊደል ስለ 1941 ኒውዮርክ ያወራል። ሃርለም ውስጥ ሚንተንስ ፕሌይሃውስ በሚባል ክለብ ወጣት የጃዝ ሙዚቀኞች በየሌሊቱ ይሰበሰቡ ነበር፣ የተለመደው አጨዋወት ሰልችቷቸው እንደልባቸው ሲጫወቱ አዲስ ሙዚቃ ፈጠሩ፣ እኛም በ2071 በጠፈር ላይ እንደዚያው ልናደርግ ነው ይላል። ያ ሙዚቃ ቢባፕ ነው። እነ ስፓይክ የሚኖሩባት የጠፈር መርከብ ስምም ከዚያ መጣ።

ድፍረት ነው። ግን የሠሩት ሰዎች የምር ነበሩ። ዳይሬክተሩ ሺንኢቺሮ ዋታናቤ፣ የስክሪፕቱ መሪ ኬይኮ ኖቡሞቶ፣ ሙዚቃው የዮኮ ካኖ እና ለዚሁ ሥራ ያሰባሰበችው የሲትቤልትስ ባንድ። ካኖ ማንም ያላዘዛትን ሙዚቃ ሠርታ ታመጣ ነበር። ዋታናቤ ደግሞ ሰምቶት ሲወደው ለሙዚቃው ብሎ አዲስ ትዕይንት ይፈጥር ነበር። ስታይሉ ከላይ የተቀባ ቀለም የማይመስለኝ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አንዳንዱ ትዕይንት የተወለደው ከዜማ ነው።

የገንዘቡም ነገር አለ። መጀመሪያ የባንዳይ የአሻንጉሊት ክፍል ነበር ከኋላ የቆመው። የፈለጉት የጠፈር መርከብ መጫወቻ መሸጥ ነው። መርከብ ይኑርበት እንጂ የወደድከውን ሥራ ተባለ፣ ዋታናቤም የወደደውን ሠራ። ሲያዩት ለልጅ የሚሸጥ ነገር አልሆነላቸውም። ሸሹ። ባንዳይ ቪዥዋል ባያነሳው ኖሮ እዚያው ወድቆ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ቲቪ ቶኪዮ ላይ ሲጀምርም ከ26ቱ ክፍሎች ግማሹ እንኳ አልታየም። ሙሉውን ያሳየው ዋውዋው የሚባለው የክፍያ ጣቢያ ነው፣ ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ።

## ሥጋ የሌለበት ጥብስ

ወዳጄ የታለ ያለው ታሪክ ይኸው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ የስፓይክ የሥራ ባልደረባ ጄት ምግብ ይሠራል። ሥጋ በቃሪያ ነው ይላል። ስፓይክ ያገላብጣል፣ ቃሪያ ብቻ ነው። ሥጋው የታለ? ብሎ ይጠይቃል። ገንዘብ የለማ ይለዋል ጄት። ባለፈው ያገኘነውስ? ባለፈው ያገኙት ስፓይክ ለሰበረው መርከብ፣ ላፈረሰው ሱቅ፣ ላቆሰለው ፖሊስ ሕክምና አልቋል። ቃሪያውን ይበላሉ።

ወደፊት የሚባለው ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ቢባፕ ራሷ አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ናት። በ2022 ከፕላኔት ወደ ፕላኔት የሚያሻግረው በር ጨረቃ አጠገብ ፈንድቶ ጨረቃን ቦጭቋታል፣ ስብርባሪዋ ከ50 ዓመት በኋላም መሬት ላይ ይዘንባል። አቅም ያለው ማርስ ገብቷል። የቀረው ከመሬት በታች ይኖራል። እነ ስፓይክ ወሮታ የተቆረጠባቸውን ወንጀለኞች ያድናሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ወንጀለኛው ያመልጣቸዋል ወይ ገንዘቡ ሳይደርሳቸው ይቀራል። ብዙ የሳይንስ ልቦለድ ወደፊቱን ወይ ገነት ወይ ሲኦል ያደርገዋል። እዚህ ግን ወር የማያደርስ ደሞዝ የሚባለው ነገር ጠፈር ላይም ተከትሎን ወጥቷል።

ሱፉን አሁን እንየው። ሰውዬው ሆዱ ባዶ ነው፣ መርከቡ ዝጓል፣ አለባበሱ ግን ዝንፍ አይልም። ይህን ለማወቅ ጃፓን መወለድ አያስፈልግም። በከተማችን ኪሱ ባዶ የሆነ ቀን ነው ሰው ጫማውን የሚያስጠርገው። ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣል፣ ካፌ በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል፣ እንዴት ነህ ሲሉት “አለሁ፣ ምን እሆናለሁ” ይላል። እንደዚህ ዓይነት ሰዎች አሳድገውኛል። ዘንጦ መውጣት ችግሩን ሰው ላይ አለመጫን እንደሆነ ከነሱ ነው ያየሁት፣ የስፓይክም ስታይል የነሱን ይመስለኛል።

## ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ

ወዳጄ አምስተኛው ክፍል ደጃፍ ላይ ደርሶ ማቆሙ ያሳዝነኛል። እስከ አራተኛው ድረስ እያሳቀ፣ እያሯሯጠ፣ እያዘፈነ ነው የሚወስደን። አምስተኛው ላይ ይወስደናል።

ስፓይክ ወደ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ቪሽየስ የሚባል የድሮ ጓደኛው እዚያ ይጠብቀዋል። ተኩሱ ፈጣን ነው፣ ምሰሶው ይቦጨቃል፣ ሰይፍና ሽጉጥ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። አክሽን ለሚወድ ሰው ሙሉ ድግስ ነው። ቀጥሎ ግን ስፓይክ ባለቀለም መስታወቱን ሰብሮ በመስኮት ይወረወራል፣ እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ይዘገያል። ሽጉጡ ይጠፋል፣ ጩኸቱ ይጠፋል፣ የመዘምራን ድምፅ ብቻ ይቀራል። ሲወድቅ የድሮ ሕይወቱ ቁርጥራጭ ብልጭ ብልጭ ይላል። አንዲት ሴት። አበባ። ደም። ማን ናት፣ ምን ሆነ፣ ማንም አይነግረንም።

ቀጣዩን ትዕይንት ደግሞ እኔ ከውድቀቱ እኩል ነው የምወደው። ስፓይክ መላ አካሉ በፋሻ ተጠቅልሎ መርከቧ ውስጥ ይነቃል። አብራቸው መርከቧ ላይ የምትኖረው ፌይ አጠገቡ ተቀምጣ እያንጎራጎረች ነው። ጠጋ በይ የሚል ምልክት ይሰጣታል። ትጠጋለች። ዜማው አልገባሽም ይላታል። በትራስ ትመታዋለች። አለቀ። ሞት አፋፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው ያለው ይህን ብቻ ነው። ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብሎታል።

ሆድ ይፍጀው እያለ የሚኖር ሰው በየቤታችን አለ። ማታ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሰማይ የሚያይ አጎት፣ ስለ አንድ ዓመተ ምሕረት ሲነሳ ወሬ የሚቀይር አባት። ምን እንደሆነ አንጠይቀውም፣ እሱም አይነግረንም፣ ግን እንዳለ እናውቃለን። ካውቦይ ቢባፕ ተመልካቹን የሚያስቀምጠው እዚያ የቤተሰብ ቦታ ላይ ነው። ታሪኩ የታለ ለሚለኝ፣ ታሪኩ እዚያው አለ። አልተወራም እንጂ።

## አክስቴና የፌይ ካሴት

ይህን ሁሉ እንዲህ አጥርቼ ያሰብኩት ግን ብቻዬን አይደለም። አክስቴ ናት ያሳየችኝ።

አንድ እሁድ እኛ ቤት መጥታ ቡና እየጠጣን ነበር። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ 18ኛውን ክፍል እያየሁ ነው። ድምፁ ጃፓንኛ፣ ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ እንግሊዝኛ። አክስቴ ሁለቱንም አታውቅም። መጀመሪያ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ከእናቴ ጋር ስታወራ ቆየች። በኋላ ወሬው ቀዝቀዝ ሲል ዞር ብላ ማየት ጀመረች።

ክፍሉን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ለፌይ በፖስታ አንድ ዕቃ ይመጣል። ፌይ ዕዳ የሚጠይቃት ሰው ልኮት ይሆናል ብላ ትሸሻለች። እነ ስፓይክ ሲከፍቱት የቪዲዮ ካሴት ነው፣ ያውም ቤታማክስ የሚባለው የድሮ ዓይነት። በ2071 ይህን የሚያጫውት ዴክ ከየት ይምጣ? የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ ጋ ይወስዱታል፣ ስፓይክ ማሽኑን በእርግጫ ብሎ ያበላሸዋል። ከዚያ እስከ መሬት ድረስ ሄደው፣ የፈራረሰ ሙዚየም ውስጥ ገብተው፣ ብዙ ደክመው ዴክ ተሸክመው ይመለሳሉ። የሌላ ዓይነት ካሴት፣ የቪኤችኤስ፣ ዴክ ሆኖ ያርፈዋል። ካሴቱ አይገባም። አክስቴ እዚህ ጋ ሳቀች። ሰፈር ውስጥ አንድ ዴክ ያለው ሰው ቤት ተሰብስቦ ሰርግ ያየ ትውልድ ስለሆነች ቋንቋ አላስፈለጋትም።

በመጨረሻ ትክክለኛው ማጫወቻ በሌላ ጥቅል ይመጣና ካሴቱ ይከፈታል። አንዲት ልጅ ትታያለች። ተማሪ ናት፣ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ካሜራው ፊት ትቆማለች። የምታወራው ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚኖረው ለራሷ ነው። ደህና ነሽ ወይ ትላለች፣ ምን ዓይነት ሰው ሆንሽ ትላለች፣ ያኔ እኔ አልኖርም፣ ዛሬ ግን እዚህ ሆኜ አበረታታሻለሁ ትላለች። ከዚያ እየዘለለች ለራሷ በርቺ፣ በርቺ እያለች ትጨፍራለች። ልጅቷ ፌይ ናት። ትልቋ ፌይ በር ላይ ቆማ ታያለች። በ2014 የጠፈር አደጋ ደርሶባት 54 ዓመት በበረዶ ተይዛ የነቃች ሴት ናት፣ ከዚያ በፊት የነበረውን አንዱንም አታውቀውም።

አክስቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና፣

“ይቺ ልጅ ያችው ናት?” አለችኝ።

“አዎ እቴቴ፣ ራሷ ናት።”

“ታዲያ ለምን አትደሰትም?”

“አታስታውሰውማ። ጠፍቶባታል።”

ዝም አለች። ስክሪኑ ላይ ፌይ አላስታውስም ብላ ክፍሉ አለቀ። አክስቴ “አዬ ልጄን!” አለች፣ ለፌይ መሆኑ ነው። ቀጥላ፣ “እኛም እኮ ድሮ በካሴት ነበር የምንልከው። ለወንድሜ አሜሪካ ድምፄን ቀድቼ እልክለት ነበር። ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ ማን ወለደ፣ ማን አገባ፣ ሁሉን። ስጨርስ ደግሞ እዘፍንለታለሁ። ያ ካሴት አሁን የት ይሆን?” አለች።

ይህን ወሬ ከሷ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴም አታውቀውም። በዚያን ዘመን ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ድምፅ ቀድቶ መላክ የተለመደ እንደነበር አውቃለሁ፣ አክስቴ እንደዚያ ዘፍና እንደላከች ግን ማን ሊነግረኝ? ወንድሟ ከሞተ ቆይቷል። እንድትዘፍንልን ጠየቅናት። እምቢ አለች። ሌላ ወሬ አነሳች፣ ሲኒዎቹን ሰብስባ ጓዳ ገባች፣ ስትወጣ ሄድኩ አለች።

የማስበው ይህንን ነው። ያ ክፍል አንድም ሰው ስለ ሐዘን አያወራበትም። አብዛኛው እንዲያውም ቀልድ ነው፣ ዴክ ፍለጋ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ያቺ አጭር ምስል ቋንቋውን የማታውቅ፣ አኒሜ የሚባል ነገር ሰምታ የማታውቅ ሴት ጋ የደረሰችው ማንም ስላላብራራት ይመስለኛል። ቢያብራራ ኖሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር የሚያልፈው፣ አክስቴም ወሬዋን ትቀጥል ነበር። የተወላትን ባዶ ቦታ ግን የራሷን ካሴት አስገብታ ሞላችው። ከዚያ ደግሞ እንደነሱው ወሬ ቀይራ ተነሳች።

## እንቁላሉ

ያለፈ ክረምት ቤት አይሠራለትም እንላለን። ፌይ 24ኛው ክፍል ላይ ትሞክራለች። ትዝታዋ ይመለስላትና መሬት ወርዳ ቤቷን ፍለጋ ዳገቱን እየሮጠች ትወጣለች። ፍርስራሽ ነው። እንጨት አንስታ አልጋዋ የነበረበትን ቦታ መሬቱ ላይ አራት ማዕዘን አድርጋ ታሰምራለች። መስመሩ ውስጥ ትተኛለች።

በዚያው ክፍል አብራቸው የምትኖረው ሕፃኗ ኤድ አባቷን ፍለጋ ትሄዳለች፣ የመርከቧ ውሻም ይከተላታል። የመርከቧ ወለል ላይ የሳለችው የስንብት ሥዕል ብቻ ይቀራል። ስፓይክና ጄት ደግሞ ለመላው ቤት የሚበቃ ቅቅል እንቁላል ፊታቸው ተደርድሯል። የሚበላው ሰው የለም። ስለዚህ ሁለቱ ይበሉታል። አይተያዩም፣ አያወሩም፣ አንዱን ሳይውጡ ሌላውን ይጎርሳሉ። ጉንጫቸው ይወጠራል። ከኋላ ዘፈኑ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ቀን ቃሪያ ብቻ ነበር፣ አሁን ምግቡ ተርፎ ሰው ጠፋ። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው የመለያየት ትዕይንቶች ሁሉ ይሄኛውን አስቀድማለሁ። ለቅሶ ቤት ደርሶ ቁጭ ብሎ እንጀራ የበላ ሰው ያውቀዋል። ጉሮሮ አልከፈት እያለ እጅ ግን ይጎርሳል፣ ሌላ የሚያደርገው የለማ።

## ሱፉ ያው ነው

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ኔትፍሊክስ በሰው ተዋንያን ሠርቶት ነበር። አሥር ክፍል ወጣ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተሰረዘ። ሱፉ ያው ነው፣ መርከቧ ያቺው ናት፣ ሙዚቃውን የሠራችው እንኳ ዮኮ ካኖ ራሷ ናት። ተዋንያኑ ላይም ክፋት አላየሁም። ግን ሁሉም ያወራሉ። አኒሜው በጨረፍታ ያሳየንን የስፓይክን የድሮ ሕይወት አፍታተው፣ ለቪሽየስና ስፓይክ ድሮ ለወደዳት ሴት ለጁሊያ የየራሳቸውን ሰፊ ታሪክ ሰጥተው አቀረቡት። ታሪኩ የታለ ለሚል ሰው ይኸው ታሪክ አሉ። እኔ ያየሁት ግን ዝግ በር ተከፍቶ ተራ ክፍል ሲሆን ነው።

ዋታናቤ ራሱ በ2025 ላዛረስ የሚባል አዲስ ሥራ ይዞ መጥቷል። ስቱዲዮው ማፓ ነው፣ የድብድቡን ንድፍ የጆን ዊክ ፊልሞች ዳይሬክተር ቻድ ስታህልስኪ አግዞበታል፣ ሙዚቃው ላይ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ካማሲ ዋሺንግተን አለ። ዝላዩና ድብድቡ ዓይን ያስፈዝዛል። ወደድኩት። እንደ ቢባፕ ግን አብሮኝ አልዋለም። ሰዎቹ ዓለምን ለማዳን ቀጠሮ ስላለባቸው ቁጭ ብለው የሚሰለቹበት ጊዜ አጡ። ቢባፕ ላይ እኮ ግማሹ ነገር ሶፋ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ማየት ነው።

በመጨረሻ አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። ጊዜ ለሌለው ሰው ተብሎ የሚሰጥ ዝርዝር አለ፤ 5፣ 12፣ 13፣ 25 እና 26ን ብቻ እይ፣ ዋናው ታሪክ እነዚህ ላይ ነው የሚል። የስፓይክ የድሮ ሕይወት የሚነሳው እነዚህ ላይ መሆኑ እውነት ነው። ግን ካሴቱ 18ኛው ላይ ነው። እንቁላሉ 24ኛው ላይ ነው። ጄት ድሮ ትታው የሄደችውን ሴት አግኝቶ የቆመ ሰዓቱን ውሃ ውስጥ የሚወረውረው 10ኛው ላይ ነው። እነዚህን ዘሎ መጨረሻው ላይ የደረሰ ሰው አንድ ጥሩ ድብድብ ያያል፣ ማን እንደተጎዳ ግን አይገባውም። እኔ የምለው ከ1 እስከ 26 በቅደም ተከተል ነው። ጃፓንኛውም ይሁን እንግሊዝኛው ግድ የለም፣ የሁለቱም ድምፅ ሠሪዎች ድንቅ ናቸው። ጊዜ ካጠራችሁ ደግሞ በሳምንት አንድ ክፍል እዩ፣ መጀመሪያ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣም እንደዚያው ነበር የታየው።